በሰው ቁጥር የሚከፈል ኪራይ

ሰኔ 2017 ዓ.ም፣ ቃሊቲ። አንድ የትራንዚት ድርጅት የመጪውን ዓመት በጀት እየዘጋ ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በጉምሩክ በር ላይ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ሒሳብ ሹሟ ረቂቁን ይዛ ገብታለች። የነዳጁን፣ የቤት ኪራዩንና የደመወዙን መስመር ሳይከራከሩ አለፏቸው። ብዕራቸው የቆመው ዘንድሮ አዲስ በገባው መስመር ላይ ነው።

ባለቤቱ፦ «የቢሮ ሶፍትዌር፣ 486,000 ብር።» ዜሮ ጨምረሽ እንዳይሆን።

ሒሳብ ሹሟ፦ አልጨመርኩም፣ ጋሼ። ሻጩ ያመጣልን የማይክሮሶፍት ፕሮፎርማ ነው። ሃያ አራት ሠራተኛ አለን፤ በሰው በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በዓመት 3,600 ዶላር። በ135 ብር ያባዙት። ቫቱ ገና አልገባበትም።

ባለቤቱ፦ ወርድና ኤክሴል ለመክፈት ግማሽ ሚሊዮን! እኔ ይህን ቢሮ ስከፍት አንድ ሲዲ ገዝቼ አምስቱም ኮምፒውተር ላይ አስጭኛለሁ። የሲዲው ዋጋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር።

ሒሳብ ሹሟ፦ ክራክ ነበራ።

ባለቤቱ፦ እስቲ ክራክ ያልጫነ ቢሮ አሳዪኝ።

ሒሳብ ሹሟ፦ ብዙ አላሳይዎትም። ግን ማወዳደሪያችን እሱ ከሆነ ሁሉም ነገር ውድ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ሕጉን እንኳ ለጊዜው እንተወውና ሥራውን ይዩት። ያ ክራክ የሚጭንልን ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ነበር? አንቲቫይረሱን ማጥፋት። ካላጠፋው ክራኩን ይበላበታል። ቀጥሎ አፕዴቱን ይዘጋል። የደንበኛ ኢንቮይስ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚቀመጥበትን ማሽን ያለ ዘበኛ ትቶልን ይሄዳል።

ባለቤቱ፦ እሺ፣ ክራኩ ይቅር። በሐቅ እንግዛ። ግን እንግዛ ነው ያልኩሽ፤ እንከራይ አላልኩም። መኪና ገዝቻለሁ፣ ፕሪንተር ገዝቻለሁ። ሶፍትዌሩን ለምንድን ነው የምከራየው?

ሒሳብ ሹሟ፦ ለሻጮቹ ኪራዩ ስለተመቻቸው። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 365ን ያወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አዶቢ በ2013 ከዚህ በኋላ ፎቶሾፕን አንድ ጊዜ ሸጬ አልለያይም፣ በየወሩ ክፈሉ አለ። ድሮ ኦፊስ 2003ን የገዛ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ሲጽፍበት ለኩባንያው አንድ ሳንቲም አይጨምርም ነበር። ዛሬ በየወሩ ይከፍላል፤ ኩባንያውም የከርሞ ገቢውን ከወዲሁ ያውቀዋል። በመጀመሪያ የታሰበው ለእነሱ ነው። ለእኛ የሚጠቅም ጎን የለውም ግን አልልም።

ባለቤቱ፦ የቱ ነው ጎኑ?

ሒሳብ ሹሟ፦ አንዱ በድርጅቱ ስም የሚሄደው ኢሜይል ነው። ሰው ኮንቴይነሩን አምኖ ሲሰጠን በግል ጂሜይል መላላክ ያሳፍራል። ሌላው የኮንቴይነር መከታተያችን ነው። ያ ኤክሴል ዛሬ ጠዋት ስንት ቦታ እንዳለ ያውቃሉ? እኔ ዴስክቶፕ ላይ «ፋይናል» አለ፤ ፍላሽ ላይ «ፋይናል 2» አለ፤ ሞጆ ያለው ልጅ ዘንድ ደግሞ «የመጨረሻው ፋይናል»። ስለ አንድ ኮንቴይነር ሦስቱም የተለያየ ቀን ነው የሚናገሩት። ክላውድ ላይ ቢሆን ፋይሉ አንድ ነው፤ እሱ ሞጆ ሆኖ ሲሞላው እኔ እዚህ አየዋለሁ። ላፕቶፕ ቢሰረቅም ሥራው አይጠፋም።

ባለቤቱ፦ ጥሩ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ግን አያወጣም።

ሒሳብ ሹሟ፦ አያወጣም። እኔም ይፈርሙልኝ ብዬ አላመጣሁትም፤ አብረን እንድንቆርጠው ነው።

  

ባለቤቱ፦ መጀመሪያ የዶላሩን ነገር አስረጂኝ። የምንከፍለው በብር ከሆነ ዶላሩ እኛን ምን አገባን?

ሒሳብ ሹሟ፦ ሻጩ የሚቀበለው ብር ነው፤ ዋጋው የተቆረጠው ግን በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ይኸው 3,600 ዶላር ያኔ 205,200 ብር ነው። ዛሬ 486,000። ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እኛ ዘንድ ከዕጥፍ በላይ ሆነ። የትራንዚት ክፍያችንን ለደንበኛ በዕጥፍ አሳድገናል?

ባለቤቱ፦ ማን ይከፍለናል! ኩባንያው ራሱስ አይጨምርም?

ሒሳብ ሹሟ፦ ይጨምራል እንጂ። ማይክሮሶፍት በማርች 2022 ትንሹን የቢዝነስ ፓኬጅ ከ5 ወደ 6 ዶላር አወጣው። በዚህ ዓመት ኤፕሪል ላይ ደግሞ ለዓመት ተዋውሎ በየወሩ እየከፈለ በሚኖረው ደንበኛ ላይ 5 በመቶ ጨመረ። ጉግል በጃንዋሪ ጀሚናይ የሚለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፓኬጁ ውስጥ ከትቶ መካከለኛውን ዋጋ ከ12 ወደ 14 ዶላር አሳደገው። አልፈልገውም ያለም ያው 14 ነው የሚከፍለው።

ባለቤቱ፦ ጉግል ነጻ አልነበረም እንዴ?

ሒሳብ ሹሟ፦ ነበር። በራስ ስም የሚሄደውን ኢሜይል ለትናንሽ ድርጅቶች በነጻ ይሰጥ ነበር። በዲሴምበር 2012 ለአዲስ ገቢዎች ዘጋው። በ2022 ደግሞ በነጻ የቆዩትን ድርጅቶች እናንተም ክፈሉ አላቸው። አሥር ዓመት የተጻጻፈው ሁሉ እዚያ የተከማቸበት ነጋዴ ምን ምርጫ አለው? ይከፍላል።

ባለቤቱ፦ አልከፍልም ቢልስ?

ሒሳብ ሹሟ፦ ከላይ ፎቅ የነበረውን ቢሮ ያስታውሱታል?

ባለቤቱ፦ ያ ዲመሬጅ የበላውን?

ሒሳብ ሹሟ፦ እሱን። እዚህ የብር ካርድ ለውጭ ክፍያ ስለማይሠራላቸው ክፍያውን በአሜሪካ ዘመዳቸው ካርድ ነበር ያያያዙት። የዘመድየው ካርድ ጊዜው አለፈ፤ አዲስ ሲሰጠው ቁጥሩን መቀየር ረሳ። ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያ መስሎት አላነበበውም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገብተው ወርድ ሲከፍቱ ፋይሉ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይታተማል፤ አናቱ ላይ ግን ቀይ መስመር ተዘርግቷል፣ አንድ ፊደል እንኳ መለወጥ አይቻልም። ይህስ በሌላ ማሽን ይታለፋል። ኢሜይሉም ቆሟል። ጅቡቲ የደረሰ ኮንቴይነር ነበራቸው፤ በጭነት ሰነዱ፣ በቢኤሉ፣ ላይ የተቀባዩ ስም ተሳስቶ ማስተካከያ ይጠብቃሉ። የመርከብ ወኪሉ በኢሜይል ይልካል፣ እነሱ ዘንድ አይደርስም። ወኪሉ መልስ ይጠብቃል፣ እነሱ ወኪሉን ይጠብቃሉ። የኮንቴይነሩ የመዘግየት ቅጣት፣ ዲመሬጁ፣ በየቀኑ በዶላር ይቆጥራል።

ባለቤቱ፦ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ሳምንት ከፈለው በዪኛ።

ሒሳብ ሹሟ፦ ከዚያም ሳይበልጥ አይቀርም። በማይክሮሶፍት አሠራር ጊዜው ያለፈበት ውል 30 ቀን እንደወትሮው ይሠራል። ከዚያ 90 ቀን ሠራተኛው ይዘጋበታል፤ መረጃውን ማውጣት የሚችለው አስተዳዳሪ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይሰረዛል። አስተዳዳሪው ሥራ ለቆ የሄደ ልጅ ከሆነ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚመጣው በእሱ ስልክ ከሆነ፣ ሰውየውን ፍለጋ ነው የምንወጣው። በዘመድ ካርድ መክፈል ሌላም ጣጣ አለው፤ በድርጅቱ ስም ደረሰኝ የለውም፣ ገቢዎች ወጪ ብሎ አይዝልንም። ስለዚህ ከአገር ውስጥ ሻጭ፣ በቲን ቁጥራችን፣ በድርጅቱ ስም ይሁን።

ባለቤቱ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ሰኔ 2012 ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ አልነበር?

ሒሳብ ሹሟ፦ ሰኔ 23 ነው የተዘጋው። ያኔ ይህ ውል ቢኖረን ወርድና ኤክሴሉ ይሠሩልን ነበር፤ ማሽኑ ላይ የተጫነው በ31 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካገኘ ይበቃዋል። ኢሜይሉና የጋራ ፋይሉ ግን አይኖሩም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኮምቦልቻ ያለው ልጃችን ነው። እሱ የሚሠራው በስልክ ዳታ ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ 31 ቀኑ ያልፋል፤ የተከፈለበት ፕሮግራም ማንበቢያ ብቻ ይሆናል። ለሱ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ነገር ማሽኑ ላይ መጫን አለበት።

ባለቤቱ፦ ልጄ ነጻ የሆነ አለ ይለኛል። ሊብሬ ምናምን።

ሒሳብ ሹሟ፦ ሊብሬኦፊስ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስርቆትም አይደለም። የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልስታይን ክልል በ2024 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ሺህ የመንግሥት ኮምፒውተሮቹን ወደሱ አዞራለሁ ብሏል። እዚያው ጀርመን የሙኒክ ከተማ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ለመውጣት ዓመታት ደክማ በ2017 እ.ኤ.አ. ልመለስ ብላ ወሰነች። ሁለቱንም ነው የምነግርዎት።

ባለቤቱ፦ ለእኛስ?

ሒሳብ ሹሟ፦ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው በቂ ነው። እኔ ዘንድ ግን ያስቸግራል። ደንበኛ የሚልክልን የፓኪንግ ሊስት ኤክሴል በማክሮ የተሠራ ሲሆን ይሰበራል፤ ሠንጠረዡም አንዳንዴ ቦታውን ይለቃል። አንድ የዕቃ ኮድ ከመስመሩ ወርዶ ዲክላራሲዮን ላይ ቢሞላ ቅጣቱ የእኛ ነው። ለኮምቦልቻና ለመዝገብ ቤት እጭነዋለሁ፤ ለሒሳብ አልጭነውም።

ባለቤቱ፦ በይ ሰው በሰው እንሂድ። ሃያ አራት ብለሻል። ሾፌሮቹ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ተላላኪው?

ሒሳብ ሹሟ፦ ስድስት ናቸው። ምንም አያስፈልጋቸውም፤ በቴሌግራም ነው የምናገኛቸው። አሥራ ስምንት ቀረ። ከነሱ ውስጥ አሥራ አንዱ የሚፈልጉት ኢሜይልና ፋይል ማየት ነው። ትንሹ ፓኬጅ፣ ባለ 6 ዶላሩ፣ ኢሜይሉን ከነማከማቻው ይሰጣል፤ ወርድና ኤክሴልንም በብራውዘር ያስከፍታል። ከባድ ሥራ ያለን ሰባት ነን፦ ሦስት ሒሳብ ክፍል፣ አራት ላፕቶፕ ይዘው በሞጆ፣ በቃሊቲና በጅቡቲ መካከል የሚመላለሱ።

ባለቤቱ፦ ስንት መጣ?

ሒሳብ ሹሟ፦ በዓመት 1,842 ዶላር። 248,670 ብር። ሻጩ ከጻፈው ግማሽ ያህል ነው።

ባለቤቱ፦ አየሽ! ገና ኮምፒውተር ሳንከፍት። አሁን የእኔን ስሚኝ። ለሰባታችሁ ኦፊሱን አንድ ጊዜ ልግዛላችሁና ኢሜይሉን ብቻ ለምን አንከራይም?

ሒሳብ ሹሟ፦ አስቤበታለሁ። አንድ ጊዜ የሚገዛው ኦፊስ 2024 ለቢዝነስ የሚሆነው 250 ዶላር ገደማ ነው፣ ለአንድ ማሽን። ኪራዩ በዓመት 150 ስለሆነ በሃያ ወር ያልፈዋል። ግን የተገዛው ኢሜይል የለውም፤ ባለ 6 ዶላሩ ይጨመርበታል። አራት ዓመት ብንቆጥር ኪራዩ በሰው 600 ዶላር፣ ግዢው ከነኢሜይሉ 538።

ባለቤቱ፦ ለ62 ዶላር ነው ይህን ሁሉ የተከራከርነው?

ሒሳብ ሹሟ፦ ምንዛሪው ከዛሬው ካልተነሳ ነው 62 የሚሆነው። የገዛነውን በዛሬው ብር ከፍለን እንጨርሰዋለን። ብሩ እንደ ዓምናው ቢወርድ የተገዛው ዋጋ አይንቀሳቀስም፤ ኪራዩ አብሮት ይሄዳል። ገቢው በብር ለሆነ ድርጅት ይህ ከ62 ዶላሩ ይበልጣል።

ባለቤቱ፦ እንግዲያ ሁሉንም እንግዛ።

ሒሳብ ሹሟ፦ ሁሉንም አይደለም። የሒሳብ ክፍል ሦስቱ ዴስክቶፖች ከጠረጴዛቸው አይነሱም፤ እነሱን እንግዛላቸው። የደኅንነት ጥገናውም እስከ ኦክቶበር 2029 ይመጣል። አሁን ያለን ኦፊስ 2016 ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ጥገናው ይቆማል፤ መክፈቱን ይከፈታል፣ ቀዳዳውን የሚደፍንለት የለም። ተጓዦቹ አራቱ ላፕቶፕም፣ ስልክም፣ የጅቡቲ ቢሮውንም ማሽን ይጠቀማሉ። የተገዛው በአንድ ማሽን ይታሰራል፤ ኪራዩ ለአንድ ሰው አምስት ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ከዚህ ሆኜ አስወጣዋለሁ።

ባለቤቱ፦ ወቅት ሲበዛ የምንቀጥራቸውስ?

ሒሳብ ሹሟ፦ እነሱን በወር በወር። 20 በመቶ ይወደዳል፣ ግን ሲሄዱ ይዘጋል። የዓመቱን ውል ከገዛን ከሰባት ቀን በኋላ ሰው ብንቀንስም ክፍያው አይቀንስም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ ወንበር ላይ እንከፍላለን። ለቋሚዎቹ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ብንከፍል ያ 5 በመቶ ይቀርልናል፣ ዶላሩም እስከ ሰኔ ድረስ አይነካንም።

ባለቤቱ፦ ፒችትሪዬንስ?

ሒሳብ ሹሟ፦ የሒሳብ ፕሮግራማችንን ዛሬ አንነካውም። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን እሱም የሚሸጠው በኪራይ ነው። ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል።

ባለቤቱ፦ እሺ። ሌላ ፕሮፎርማው ያልነገረን ወጪ አለ?

ሒሳብ ሹሟ፦ አለ፤ መዝገብ ቤት ነው ያለው። የድሮ ውሎቻችንና ደብዳቤዎቻችን በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይወጣል። ክላውድ ላይ ሰቅለን «የውክልና ውል» ብለን ብንፈልግ አንድም አይመጣም፤ ማሽኑ እንደ አማርኛ አያያቸውም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፤ ሲቀይር ግን አንዳንድ ፊደል ይስታል፣ ሰው ተቀምጦ ማንበብ አለበት። የሁለት ሰው የክረምት ሥራ ነው። ሻጩን ጠየቅኩት፤ «ፋይላችሁ እንዳለ ይሰቀላል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንዳለ ይሰቀላል።

ባለቤቱ፦ አንድ ቀን በዋጋው ባንስማማ ግን ዕቃችንን ይዘን መውጣት እንችላለን?

ሒሳብ ሹሟ፦ ከዛሬ ካዘጋጀነው እንችላለን። ዋናው ዶሜይኑ ነው፣ ከ«አት» በኋላ ያለው የድርጅታችን ስም። እሱ በእኛ ስም ከተመዘገበ ነገ ከማይክሮሶፍት ወደ ጉግል፣ ከጉግል ወደ ሌላ ብንሄድ ደንበኛ የሚጽፍበት አድራሻ አይለወጥም። ሻጩ «እኔ አስመዘግብላችኋለሁ» ብሎ በራሱ ስም ካደረገው ግን እሱን ሳናስፈቅድ የትም አንሄድም። ሁለተኛ፣ አስተዳዳሪው ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ እርስዎ።

ባለቤቱ፦ እኔ? ፓስወርድ የማልይዘው?

ሒሳብ ሹሟ፦ ይጻፍና ካዝና ውስጥ ይግባ፣ ጋሼ። ቼኩ የሚቀመጥበት። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ክላውድ ላይ ያለውን ሁሉ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። የተፈረሙ ውሎች በፒዲኤፍ ይቀመጡ፤ ማንኛውም ማሽን ይከፍታቸዋል።

ባለቤቱ፦ በይ ጻፊ። ሦስቱ ዴስክቶፕ ይገዛላቸው። ለአራቱ ላፕቶፕ ሙሉው ይከራይ። ለቀሪው አሥራ አራት ሰው ትንሹ ፓኬጅ። ውሉ ከሐምሌ 1 ይጀምር፣ የዓመቱ በአንድ ጊዜ ይከፈል።

ሒሳብ ሹሟ፦ የዘንድሮው 318,330 ብር፣ ከቫት በፊት። የከርሞው ግዢ ስለሌለበት 217,080 ይሆናል፣ ዶላሩ ባለበት ከቆየ።

ባለቤቱ፦ አይቆይም። በላዩ 20 በመቶ መጠባበቂያ ያዢ። ለሁለቱ የመዝገብ ቤት ልጆችም የክረምቱን ክፍያ ለብቻው መስመር አውጪለት። ሻጩን ደግሞ ንገሪው፦ ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም መመዝገቡን የሚያሳይ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ሳላይ ቼክ አልፈርምም።